ከእሳት ዳር የመጣው ተዋናይ

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለትምህርት ዕቅድ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ገጾች የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ናቸው፤ አራተኛው ላይ "ስመኝ" የሚል ስም ብቻ ጽፌ ትቼዋለሁ። ከዚህ ወዲያ ያለው የራሴ ነው፤ ርዕሰ መምህሩ አይፈርምበትም።

ሁዜይፋ እዚሁ መካነ ሰላም ያለው ቪዲዮ ቤቱ ድረስ አስጠራኝ። ኢንተርኔት ከጠፋ ወዲህ ሰው አዲስ ነገር ተርቧል፤ እሱም ከደሴ በመጣ ሹፌር እጅ አንድ ፍላሽ ሙሉ ፊልም አስመጥቷል። "ምስክር ወንድሜ፣ አንዷን ምረጥና ተርጉምልኝ፤ ወላሂ ያንተ ድምፅ ከሌለ ሰው አይገባም" አለኝ። ድምፄን ካሞገሰልኝ እንደምሸነፍ ያውቃል። እኔ ፊልሙ ሲሄድ ከቴሌቪዥኑ ጎን ማይክ ይዤ እቆማለሁ፤ ሴቷንም ወንዱንም፣ ካስፈለገም ውሻውን ሆኜ በአማርኛ እናገራለሁ።

የመረጥኩት እንግዳ ፊልም ነው። ታሪኩ ስለ ፊልም አሠራር ነው፤ የዛሬ መቶ ዓመት፣ ፊልም ድምፅ ሳይኖረው በፊት። አንድ ዳይሬክተር የሰው ደም ስለሚጠጣ ሰውዬ ፊልም ሊሠራ ተነሳ፤ ለዚያ የሚሆን ተዋናይም አገኘ። ተዋናዩ ሲጫወት ሰው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ዳይሬክተሩ ግን የተቀረጸውን አጥቦ ሲያየው ሰውዬው የለበትም፤ የተቀመጠበት ወንበር ባዶ ነው። ለካ ሰውዬው እውነተኛ ደም ጠጪ ኖሯል። ዳይሬክተሩ ይህን እያወቀ ዝም ይላል፤ ፊልሙ እንዳይቀርበት። ማታ ማታ ብቻውን ተቀምጦ በእያንዳንዷ ምስል ላይ ሰውዬውን በቀጭን ብሩሽ ይስለዋል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከሠራተኞቹ አንዱ እየገረጣ ይመጣል።

በዚያ ዘመን ፊልሙ ሲታይ ከጎን ቆሞ ለተመልካች የሚያስረዳ ሰው ነበር። እሱም በፊልሙ ውስጥ አለ። ልክ እኔን አየሁት።

ለስመኝ በታኅሣሥ ሽማግሌ እልካለሁ ብያታለሁ። እናቴ ገና አልሰማችም። የስመኝ አባት አቶ ይሄነው ቀጥቃጭ ናቸው፤ ማጭድና ማረሻ ይሠራሉ። ወግዲ ላለች እናት ይህ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም። በአካል ሄጄ እነግራታለሁ።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ከእራት በኋላ ክፍሌ ውስጥ ተለማመድኩ። ቃል አስቸገረኝ። ቫምፓየር ብዬ ልተወው? የገበያ ሰው "ቫም ምን?" ይለኛል። ጭራቅ? ጭራቅ የልጅ ማስተኛ ነው፤ ማንም አይፈራውም። ደም መጣጭ ብዬ ጻፍኩ። ደህና ነው።

የእኔንና የአከራዬን የእትዬ የሻለምን ቤት የሚለየው በካርቶን የተደፈነ በር ነው። በወዲያኛው በኩል ልጃቸው መቅደላዊት የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የሰማችውን ሁሉ በቃሏ ትይዛለች። ልጨርስ ስል ካርቶኑን አንኳኳች።

"ጋሼ፣ ሰውዬው ሞተ ወይ?"

"ገና ነው። ተኚ።"

"ሲሞት ንገረኝ እሺ።"

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ልጽፈው እየቸኮልኩ ነው የመጣሁት።

ሲጀመር ሊበላሽ ነበር። "ደም መጣጭ" ስል አዳራሹ ሳቀ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ "ይችማ በደርግ ጊዜ እኛን የሰደቡባት ቃል ናት፤ ሁለት በሬ ስላለኝ ደም መጣጭ ተብዬ አልነበረም እንዴ" አሉ። ከዚያ በኋላ ቃሉን በጠራሁ ቁጥር ሳቅ ነው። ሰውዬው ሴቷ አንገት ላይ ሊያጎነብስ ነው፣ ሰዉ ይስቃል። ሁዜይፋ ከኋላ ያፈጥብኛል። ላብ አሰመጠኝ።

ያኔ ነው ያልኩት። "ቡዳው መጣ።"

ሳቁ ተቋረጠ። አንዲት እናት የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። ሽማግሌው እንኳ ከዘራቸውን ጭብጥ አደረጉ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ቡዳ፣ ቡዳ፣ ቡዳ። ዳይሬክተሩ ተዋናዩን "ማነህ? ከየት መጣህ?" ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ አለ። ሰውዬው በእንግሊዝኛው የሚመልሰው "ከሩቅ አገር" ብሎ ነው። እኔ "ከእሳት ዳር ነው የመጣሁ" አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ አፌ ላይ መጣ። ሰዉ ተነፈሰ።

ደስ አለኝ። በራሴ ደብተር አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ በአዲሱ ቃል ሁሉንም አስተካክዬ እለማመደዋለሁ።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ስመኝ ቤት ሄድኩ። የመኸር ጊዜ ስለሆነ አቶ ይሄነው እሑድም አላረፉም፤ ደጃፋቸው ላይ የተከመረው ማጭድ ከጉልበቴ ይደርሳል። ወናፉን ትተው ተነሱልኝ። "ይግቡ መምህር፣ ቤት ለእንግዳ" አሉ። የአባቴ እኩያ የሚሆኑትን ሰው "አንተ በሉኝ" ብላቸው እምቢ አሉ።

ጠላ ቀረበልኝ። ሆዴን ትንሽ ቆርጦኝ ስለነበር አልጠጣሁም።

ስመኝ ብርጭቆውን አየችው። እኔንም አየችኝ። ከዚያ ወሬ ቀየረች።

"ፊልምህ ጉድ አሰኘ አሉ። ቡዳ ነበረበት አሉ።"

"ሌላ ቃል አጥቼ ነው።"

"አማርኛ አለቀ?" አለች። እንደ ቀልድ ነው ያለችው። እኔም ሳቅሁ። እሷ ጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ነገሩን ሁሉ በማስረጃ ነው የምትይዘው።

ከዚያ ወጥቼ እትዬ የሻለም ቤት ምሳ ቀረበልኝ፣ ጥርግ አድርጌ በላሁ። ሆዴ ተሽሎት ይሆናል።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

በእረፍት ሰዓት። መምህራን ክፍል። ፈጠን ብዬ።

ኮሪደር ላይ ሁለት ተማሪዎች። አንዷ፦ "ጤና ጣቢያ ደም የምትቀዳዋ እኮ የቀጥቃጭ ልጅ ናት።" ሌላዋ፦ "ደሙን የት እንደምታደርሰው ማን ያውቃል?" ጠመኔ የምፈልግ መስዬ ቆምኩ። ሲያዩኝ እየሳቁ ሄዱ።

እናቴ የምታወራው ቡዳ በዓይኑ ነበር የሚበላ። ደም ጠጥቶ አያውቅም። ደም የጠጣው የፊልሙ ነው። እነዚህ ሁለቱ የት ተገናኙ?

ልጆች ናቸው፣ ይረሱታል። ነገ ለሁዜይፋ ቃሉን እንቀይር እለዋለሁ።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

ሁዜይፋ በር ላይ ካርቶን ሰቅሏል። "ቡዳው ተዋናይ፣ በመምህር ምስክር ድምፅ" ይላል። በቀይ ቀለም፣ ከፊደሎቹ ሥር ጠብታ ጠብታ ሠርቶበታል። ከአጅባር ድረስ የመጣ ሰው አለ፤ ግማሹ ውጭ ቀረ።

ሳይጀመር ወደ ጎን ወሰድኩት። "ቃሉን ብንቀይረውስ? ሰው ያስቀይማል" አልኩት። "ማንን?" አለኝ። ስመኝን ማለት አቃተኝ፤ ስለ እኔና ስለ እሷ ከቤታቸው ውጭ ገና ማንም አያውቅም። "እንዲሁ፣ ሰው" አልኩ። "አቦ አታስጨንቀኝ፣ ፊልም እኮ ነው" አለ። እውነቱን ነው፣ ፊልም ነው።

ዛሬ ድምፄ በጣም ጥሩ ነበር።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ስመኝን ከሥራ ስትወጣ አገኘኋት። አብራት የምትሠራው ልጅ ለሥልጠና ደሴ ሄዳ መንገድ ተዘግቶባት ስለቀረች ላብራቶሪው ውስጥ ብቻዋን ናት። ሥራ ይበዛባታል ብዬ ነበር። "ኧረ ምኑ" አለች፤ "ዛሬ አንዲት ሴትዮ ክንዷን አጥፋ ሌላ ሰው የለም ወይ አለችኝ። የለም ስላት ተነስታ ሄደች። ትናንት ደግሞ ሁለት።" ይህን ስትነግረኝ ሳቀች። ስለሳቀች ቀለል አለኝ።

"ምን ሆነው ነው ብለህ ታስባለህ?" አለች።

"እንጃ" አልኩ። "መኸር ስለሆነ ይሆናል።"

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ዛሬ ቆርጬ ነበር። "ደም ጠጪው" ልል ጽፌ ይዤ ገባሁ። ገና አንድ ጊዜ ስለው ከኋላ "ቡዳው በል" አሉኝ። ሁለተኛ ስለው አዳራሹ በሙሉ አረመኝ፤ እንደ ክፍል ተማሪ ተቀባብለው "ቡዳው" አሉ። እኔም አልኩ። ዐሥራ አንድ ጊዜ አልኩት፣ ቆጠርኩ።

የፊልሙ መጨረሻ ላይ ሴቷ ተዋናይ ደሟ እያለቀ ወደ ዳይሬክተሩ ዞራ "ታውቅ ነበር?" ትለዋለች። እሱ አይመልስም። የካሜራውን እጀታ ማዞሩን ይቀጥላል። እዚህ ቦታ ላይ ለእሱ የምናገረው የለኝም፤ ማይኩን ይዤ እቆማለሁ። ባለፉት ሁለት ቅዳሜዎች ይህን ዝምታ እንደ ረፍት ነበር የምወደው። ዛሬ ረዘመብኝ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

መቅደላዊት ትምህርት ቤት አልሄደችም። ትኩሳት ነው አሉ። ማታም ካርቶኑን አላንኳኳችም።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ሚካኤል

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው ግራ ገብቶኛል። በቅደም ተከተል ልሞክር።

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ስለሆነ ከተማው ከጠዋት ጀምሮ ጭስ ነው። በየደጁ ቆሻሻ ይነዳል፣ በሽታ ይውጣ እየተባለ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጭሱ ግቢያችን ውስጥም ነበር፤ እሱ ግን ከውጭ የገባ አልነበረም። ከእትዬ የሻለም ቤት ነው የሚወጣው። በሩ ላይ ጫማ ሞልቷል።

መቅደላዊት መደብ ላይ ተኝታለች፤ ዓይኗ ተከፍቷል ግን ማንንም አያይም። ሁለት ሴቶች ይዘዋታል። አንዲት ጎረቤት የሚጨስ ነገር አፍንጫዋ ሥር አድርገው ይጠይቃሉ። ቡዳ የያዘው ሰው ሲለፈልፍ የሚናገረው ቡዳው ነው፤ ማን እንደሆነ ራሱ እስኪናገር ይጠየቃል። ይህን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፣ እናቴ ቤት አይቻለሁ።

"ማነህ?" አሉ ሴትዮዋ። "ከየት መጣህ?"

ልጅቷም መለሰች። ድምፅዋን አወፍራ፣ ቃላቱን ጎተት አድርጋ፦ "ከእሳት ዳር ነው የመጣሁ።"

 ከዚያ ማን እንዳለው አላየሁም፣ አንድ ሰው "ወናፍ" አለ። ሌላው "ቀጥቃጩ" አለ። እትዬ የሻለም ደረታቸውን ያዙ። "ደሙን ስትቀዳ አብሬያት ነበርኩ" አለች መቅደላዊት፤ ይህችም እኔ የተለማመድኳት ናት፣ ፊልሙ ላይ አንዲት ሐኪም ደም ስትቀዳ ሰውዬው የሚላት። "የቀጥቃጩ ልጅ ናት" አሉ። "ጤና ጣቢያ ያለችው።" ባለፈው ዓመት ልጅቷን ለምርመራ ወስደዋት ስመኝ ደም ቀድታላት እንደነበር አስታወሱ። ሁሉም በአንድ ጊዜ አስታወሰ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ድምፁ የእኔ ነው። አጎታተቱ እንኳ የእኔ ነው። መቅደላዊት ቪዲዮ ቤት ገብታ አታውቅም፣ እናቷ አይፈቅዱላትም፤ ስለዚህ ከየት እንደሰማችው ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

እትዬ የሻለም አዩኝ። "መምህር፣ ሰማኸልኝ?" አሉ።

"ሰማሁ" አልኩ።

ይኸው ነው ያልኩት። ነገ በረድ ሲል እነግራቸዋለሁ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ስመኝ ጋውኗን አሳየችኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ላብራቶሪው ውስጥ ሰቅላው ወጥታ ስትመለስ ከጫፉ አራት ማዕዘን ሆኖ በመቀስ ተቆርጧል። ለማጨሻ ነው። ቁራጯ ዛሬ ማታ ከግድግዳዬ ወዲያ ስትጨስ ሸተተችኝ።

"ልብስ ቆርጠው ምን ያደርጉበታል?" አለችኝ። እያወቀች ነው የጠየቀችኝ፤ ከእሷ የተሻለ ማን ያውቃል። እኔ የማውቀውን እንድነግራት ነው የጠበቀችው።

"ባለጌዎች ናቸው" አልኩ።

"ልጅቷ የምትለፈልፈውን ሰምተሃል፣ እዚያው ነህ። ምንድን ነው የምትለው?"

"ትኩሳት ነው። ትቀባጥራለች።"

ጋውኑን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሄደች። ለምን አልነገርኳትም? ብነግራት ቃሉን ከየት አመጣኸው ትለኛለች። እኔም እሱን ነው የማላውቀው። "ከሩቅ አገር" የሚለውን "ከእሳት ዳር" ያደረገው መዝገበ ቃላት አይደለም።

ኅዳር 15፣ እሑድ

እናቴ ደወለች። ወግዲ ድረስ ደርሷል። "መካነ ሰላም የቀጥቃጭ ልጅ ሰው ፈጀች አሉ፣ ኸይር ያሰማን። ልጄ፣ ከእንዲያ ያለ ቤት አደራ እህል እንዳትቀምስ" አለችኝ።

እሺ አልኳት።

እሺ አልኳት።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

መቅደላዊት ውሃም እምቢ ብላለች። ከጤና ጣቢያ የመጣው ነርስ "ደሟ ሳይታይ መድኃኒት አልጀምርም፤ ይዛችኋት ኑ፣ ታይፎይድ ሊሆን ይችላል፣ ከቆየ ያሰጋል" ብሎ ሄደ። እትዬ የሻለም "ደሟን ለዚያች? አልሰጥም፣ የበላችው ይበቃታል" አሉ። ሌሊቱን ሙሉ በካርቶኑ በኩል ሲያለቅሱ ሰማኋቸው።

ያን ጊዜ እንኳ የማስበው እውነቱን ብናገር ስለ ድምፄ ምን እንደሚባል ነበር። አፍሬያለሁ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሆነ።

ጠዋት ግቢው ውስጥ ወንዶች ተሰብስበዋል። የልጅቷ አጎት ዱላ ይዟል። "በገዛ እግሯ መጥታ እንትፍ ትበልባት፣ እምቢ ካለች አባትዬውን ነው የምናመጣው" ይላል። ቡዳው ራሱ መጥቶ ምራቁን እንትፍ ካለበት ይለቃል ይባላል። አንዱ "ቤታቸውን አውቀዋለሁ" አለ። እሱን ባለፈው ሳምንት ማጭዱን አስልቶ ከዚያ ቤት ሲወጣ አይቼዋለሁ።

በመካከላቸው አልፌ ወደ እትዬ የሻለም ቤት ገባሁ፤ ተከተሉኝ። አላጋንንም፣ ከበሩ እስከ መደቡ ያለችውን አራት እርምጃ እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም። መቅደላዊት አጠገብ ተቀመጥኩ። ፊቷ ትንሽ ሆኗል። በዳይሬክተሩ ድምፅ፣ ልክ ማይክ እንደያዝኩ፣ "ማነህ? ከየት መጣህ?" አልኩ።

"ከእሳት ዳር ነው የመጣሁ።"

"እንደዚህ ነው" አሉ ከኋላዬ። አላቆምኩም።

"እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጥልኝ፣ ፎቶ ላንሳህ።"

"ብታነሳኝም የምታገኘው ባዶ ወንበር ነው" አለች መቅደላዊት።

"ለምን ትቸኩላለህ?"

"የዘጠኝ ሰዓቱ ባቡር ያመልጠኛል።"

 ከዚያ አጎትየው "የምን ባቡር?" አለ። "መካነ ሰላም የምን ባቡር አለ?"

"የፊልሙ ባቡር ነው" አልኩ። ተነስቼ በካርቶን የተደፈነውን በር አሳየኋቸው። "እዚህ ጋ ቆሜ ነው የምለማመደው። የሰማችውን ነው የምትለው። ከእሳት ዳር የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቡዳ የሚለውንም። ፊልሙ ላይ የለም። ስመኝ የለችበትም፣ አባቷም የሉበትም፤ ሁሉም ከእኔ አፍ የወጣ ነው።" ድምፄ ሲሰበር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ሰማሁት።

እንዲገባቸው ፈልጌ ነበር። ገባቸው፣ ግን እኔ ባሰብኩት መንገድ አይደለም። እትዬ የሻለም ቀስ ብለው መጡና ፊቴ ላይ ቆሙ። ቁጣ የለባቸውም። የሚለምን ሰው ፊት ነው የነበራቸው።

"እና ያንተ ነዋ" አሉ። "ከአንተ ነው የገባባት።"

"አዎ፣ ማለቴ..."

"እንግዲያው እንትፍ በልባት ልጄ። ስለ ሚካኤል።"

ዙሪያዬን አየሁ። ሁሉም ያዩኛል። አጎትየው ዱላውን አውርዶ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ከእኔ ነው የራቀው። አይደለሁም ልል አፌን ከፈትኩ። አይደለሁም ካልኩ ወደ አቶ ይሄነው ቤት ይሄዳሉ። ደግሞስ ምኑን ነው ያልሆንኩት?

ጎንበስ ብዬ የልጅቷ ግንባር ላይ እንትፍ አልኩ። ሦስት ጊዜ።

እትዬ የሻለም እጄን ሳሙኝ። "አሁን ደሟ ይታይ" አልኳቸው። "የያዝኳት እኔ ከሆንኩ ስመኝን ምን ያስፈራል?" ልጅቷን በጋቢ ጠቅልዬ ራሴ ተሸክሜ ወሰድኳት። ስመኝ ጫፉ የተቆረጠ ጋውኗን ለብሳ የልጅቷን ክንድ አሰረች፤ መርፌውን ስታስገባ እናትየው አልጮሁም። ስመኝ ቀና ብላ አላየችኝም። ሥራ ላይ ነበረች።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ታይፎይድ ነው። መድኃኒት ተጀመረላት።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

መቅደላዊት አጥሚት ጠጣች። እትዬ የሻለም ለመጣው ሁሉ "መምህር እንትፍ ባለባት በአራተኛው ቀን" እያሉ ይናገራሉ። ስለ መድኃኒቱ ስነግራቸው "አዎ፣ እሱም" ይላሉ።

ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ሳሙናውን እጄ ላይ አላስቀመጠም፣ ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገልኝ። አንዲት እናት ስታልፍ ልጇን ወደ ሌላኛው ጎኗ አዞረችው። ክፉ ቃል የተናገረኝ የለም። እንዲያውም ከድሮው ይልቅ በትሕትና ሰላም ይሉኛል፣ ዓይኔን ግን አያዩም።

ሁዜይፋ መጣ። ሊያጽናናኝ ነው ያልኩት። "አብሽር፣ ያልፋል" አለ። ትንሽ ቆይቶ፦ "አሁንማ ባለቤቱ ራሱ ይተርከዋል ብዬ ብጽፍ፣ ምን ትላለህ?" ቪዲዮ ቤቱ ድረስ አብሬው ሄጄ ፍላሹን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። በሩ ላይ የሰቀለውን ካርቶን ራሱ አወረደው፤ በግማሽ ልቡ ሲቀልድ ነበር መሰለኝ።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ካርቶኑ ተንኳኳ።

"ጋሼ፣ ሰውዬው ሞተ ወይ?"

"ሞተ" አልኳት።

"ማን ገደለው?"

"ተኚ" አልኩ።

ለእናቴም ደወልኩ። ስመኝ ማን እንደሆነች፣ የማን ልጅ እንደሆነች፣ በታኅሣሥ ምን እንዳሰብኩ ነገርኳት።  ከዚያ "ስለ አንተም የሚያወሩት አለ፤ እውነት ነው?" አለችኝ።  "አላውቅም እማዬ" አልኩ። ስልኩን ማን እንደዘጋው አላስታውስም።

ኅዳር 29፣ እሑድ

አቶ ይሄነው ቤት ሄድኩ። የተከመረው ማጭድ አልቀነሰም። ወሬው በተናፈሰበት ሰሞንም አልቀነሰም ነበር አሉኝ፤ ሰው ማጭዱን አጥር ላይ ሰቅሎ፣ ድምፁን ሳያሰማ ይሄዳል፣ ሲሳል ተመልሶ ይወስዳል። "ቡዳም ብንሆን ገብሱ መታጨድ አለበት" አሉ።

ጠላ ቀረበልኝ። አነሳሁና ጠጣሁ፣ እስከ አተላው። ሁለተኛ ጠየቅሁ። አቶ ይሄነው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

"ሆድህ ተሻለህ?" አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አሉኝ።

ያን ቀን ያልጠጣሁትን አስተውለውት ኖሯል።  ይቅርታ ለማለት ስጀምር በእጃቸው አቆሙኝ።

"ተወው። እኛን ሰው አያገባንም፣ እርስ በርሳችን ነው የምንጋባ። ይኸው ከተማው ሁሉ አንተንም ቡዳ ብሏል።" ፍሙን ቆሰቆሱ። "እንግዲህ ከእኛው ወገን ከሆንክ ሽማግሌህን መላክ ትችላለህ።"

ቀልድ ይሁን የምር አላወቅሁም። ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቄን ዋጥኩት። እሳቸው አልሳቁም፣ አልተቆጡምም።

ስመኝ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። "አባቴ ቶሎ ይቅር ይላል፤ ለምዶበታል" አለች። "እኔ አልለመድኩም። ያን ዕለት ገብተህ የተናገርከውን ሰምቻለሁ፣ ከባድ እንደነበርም አውቃለሁ። ግን ልጅቷ ከለፈለፈችበት ቀን ጀምሮ እያወቅህ አምስት ቀን ዝም ብለሃል። ጋውኔን ይዤ ስጠይቅህም ዝም ብለሃል። አምስቱን ቀን ይቅር ልበል አልበል እያሰብኩ ነው።"

"አስቢበት" አልኳት። 

ቤት ገብቼ ደብተሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ኮሪደር ላይ ጠመኔ የምፈልግ መስዬ የቆምኩት ጥቅምት ሃያ ሰባት ነው። ከዚያ እስከ ኅዳር ዐሥራ ሰባት ቆጠርኩ፣ ደግሜም ቆጠርኩ።

ሃያ ቀን ነው። እሷ ይቅር ልትለኝ የምትታገለው አምስቱን ነው።

ነገ እነግራታለሁ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ ጀምሮት ሰረዝኩት። ገና አልመሸም፣ የወናፉ ድምፅ እስከዚህ ይሰማል። ደብተሩን አሁን ወስጄ እሰጣታለሁ።

ስመኝ፣ አራተኛው ገጽ ላይ ጀምሪ።